ጫትና አዋጅ፦ የመቶ ዓመት ሙግት

በምድራችን የጽሑፍ ታሪክ ጫት ቀደም ብሎ ከተጠቀሰባቸው ሰነዶች አንዱ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። ዜና መዋዕሉ በ1332 ዓ.ም. የተካሄደውን ጦርነት ሲተርክ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ላይ ያሰማውን ዛቻ ይነግረናል። ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ መርዓዴን ይዞ ጫት እንደሚተክልባት ፎክሮ ነበር፤ ምክንያቱም ሙስሊሞች ይህን ተክል የሚወዱት መሆኑ ነው።

ከዚህ አጭር ዛቻ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ጫት ገና በአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት ቅጠል ብቻ ሳይሆን የማንነት ምልክትም ነበረ። የሚቅመው ማን ነው፣ የሚጸየፈውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከቅጠሉ ቀድሞ ይነሣ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ስድስት መቶ ዓመት ተሻግሮ በሃያኛው ምዕተ ዓመት አዋጆች ውስጥም እናገኘዋለን። በአፍሪካ ቀንድና በአካባቢው በጫት ላይ የወጡትን ሕጎች ተራ በተራ ስንመረምር፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ቀረጡ፣ ስለ ድንበሩና ስለ ቃሚው ወገን ብዙ ተብሏል፤ ልማዱ አስሮ ስለያዘው ግለሰብ የተባለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። አዋጆቹ አንዱ ከሌላው ተከትለው የከሸፉበትንም ምክንያት መፈለግ ያለብን ከዚሁ ክፍተት ውስጥ ይመስላል።

ቅጠሉና ሰዓቱ

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፔተር ፎርስኮል በየመን ሲዘዋወር ተክሉን መዝግቦ፣ በ1763 እዚያው በሕመም ሞተ። የጉዞ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር በ1775 ባሳተመለት መጽሐፍ አማካይነት ተክሉ ካታ የሚለውን የሳይንስ ስሙን አገኘ። ከዚያ ሰማንያ ዓመት በኋላ፣ በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ የከተማይቱ ሊቃውንት ተሰብስበው ጫት እየቃሙ ሲጸልዩና ሲወያዩ ማየቱን ጽፏል። ሊቃውንቱ ቅጠሉ አእምሮን ያነቃል፣ ሐሳብን ያጠራል፣ ረኃብንም ያስታግሣል ብለው ያምኑ ነበር።

በሐረርጌ ገበሬው ወደ እርሻው ከመውረዱ በፊት፣ ሼኹ ለዱዓ ሲቀመጥ፣ ሽማግሌዎች ጠብ ሊያበርዱ ሲሰበሰቡ ጫት ይቀርብ ነበር። በኬንያ በሜሩ ሕዝብ ዘንድም ሚራ የሽማግሌዎች ቅጠል ነበረ፤ ለጋብቻ ጥያቄ ይቀርባል፣ ለእርቅ ይቀርባል፣ ወጣት ግን እንደ ልቡ አይቅመውም። በሁለቱም ቦታ ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደሚቅም የሚወስን ያልተጻፈ ሥርዓት ነበር። የቀድሞው ዘመን ከአሁኑ የሚለይበት ዋና ነገር ይህ ሥርዓት ነው እንጂ የቅጠሉ ባሕርይ አልተለወጠም።

ያንን ባሕርይ ሳይንስ ደረጃ በደረጃ ደርሶበታል። በ1930 ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር በቅጠሉ ውስጥ መኖሩ ታወቀ። በ1975 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ከእርጥብ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የተባለውን፣ በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረበውንና ከካቲን እጅግ የሚበረታውን አነቃቂ ለየ። ካቲኖን በለጋው ቅጠል ውስጥ ይገኛል፤ ቅጠሉ ተቆርጦ ሲጠወልግ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ደካማዎቹ ንጥረ ነገሮች ይለወጣል። ነጋዴው ቅጠሉን በእርጥብ የሙዝ ቅጠል የሚጠቀልለው፣ መኪናውም በተራራ ጠመዝማዛ እንደ እብድ የሚከንፈው ስለዚህ ነው። ጫት ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደም ሸቀጥ ነው።

ታሪኩን የለወጠውም ፍጥነት ነው። ቅጠሉ በሰውና በአህያ ጀርባ በሚጓዝበት ዘመን ከበቀለበት ደጋ እምብዛም ሊርቅ አይችልም ነበር። በ1902 የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የሐረርጌ ጫት በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ በጭነት መኪና ወደ ሐርጌሳ፣ በ1950ዎቹም በአውሮፕላን ከድሬዳዋ ወደ ኤደን መጓዝ ጀመረ። ጠዋት ሐረርጌ ላይ የተቆረጠው ቅጠል ከቀትር በኋላ ባሕር ማዶ በሚገኝ ወደብ ላይ ይቃማል። ቅጠሉ ተሻገረ፤ ሥርዓቱ ግን አብሮት አልተሻገረም። ሽማግሌው፣ ዱዓውና የእርሻው ሥራ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ለወደብ ሠራተኛውና ለሥራ ፈቱ ወጣት የቀረው በገንዘብ የሚገዛ ምርቃና ነው።

የቅኝ ገዥዎች ሙከራ

የብሪታንያ ሶማሌላንድ አስተዳደር በ1921 ጫትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ እየተጠናከረ ቢሄድም የሐረርጌ ደጋ ቅርብ፣ ድንበሩም ረጅም ነበርና ቅጠሉ በሌሊት መንገድ መግባቱን አላቆመም። ፖሊስ ከሳሽ፣ ቃሚ ተከሳሽ፣ ኮንትሮባንዲስት አትራፊ ሆነው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ፣ በ1957 አስተዳደሩ ክልከላውን አንሥቶ ወደ ቀረጥና ፈቃድ ዞረ።

በኬንያ የቅኝ ግዛቱ ሹሞች በ1940ዎቹ አጋማሽ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ሚራ ለሜሩ ሕዝብ ባህል ነው፣ ስለዚህ ይቃም፤ ወደ ኢሲዮሎና ወደ ሰሜናዊው ድንበር ግዛት ግን አይለፍ አሉ። በዚህ አስተሳሰብ አንዱ ቅጠል በአንዱ ሕዝብ እጅ ባህል፣ በሌላው እጅ በሽታ ሆነ። የሰብረዲን ዘመን አስተሳሰብ በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። ክልከላው ጥቂት ጊዜ ዋጋውን አስወደደ፤ ንግዱን ግን አላቆመውም።

ከሁሉም ይልቅ አስተማሪው የኤደን ታሪክ ነው። በኤደን ቅኝ ግዛት ጫት ደመወዝ ይበላል፣ ቤተሰብ ያፈርሳል የሚለው ክስ ከከተማው ነዋሪዎች ራሱ የመጣ ነበር። በ1957 ሚያዝያ ላይ ክልከላው ጸና። ነገር ግን ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የላሕጅ ሱልጣን ግዛት ይጀምራል፤ እዚያ ሕጉ አይሠራም። ቃሚው ከሥራ ሲወጣ በመኪና ተሳፍሮ ድንበሩን ይሻገራል፣ ቅሞ ይመለሳል። ሰዓቱና ገንዘቡ እንደ ቀድሞው ባከኑ፤ የመጓጓዣው ወጪም ተጨመረበት፤ ቀረጡ ደግሞ ከኤደን ወደ ላሕጅ ዞረ። አስተዳደሩ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ከመረመረ በኋላ በ1958 ሰኔ ክልከላውን አነሣ።

ነጻ መንግሥታትና የአዋጁ ውርስ

ነጻነት ከተገኘ በኋላ አዋጁ ባለቤት ለወጠ እንጂ ጠባዩን አልለወጠም። በሶማሊያ የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1983 ጫትን መትከል፣ መሸጥና መቃም ሁሉ ከለከለ። በሰሜን ምዕራብ የነበሩ የጫት እርሻዎች ተነቅለው ጠፉ። የጤና ምክንያት አልጠፋም፤ ይሁን እንጂ የአካባቢው ሰው አዋጁን የተረዳው ኑሮውን ለመምታት እንደ ተነጣጠረ ቅጣት ነበር። ቅሬታው በ1988 ወደ ሙሉ ጦርነት ካደገው የሰሜኑ ዐመፅ መነሻዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በ1991 መንግሥቱ ሲወድቅ አዋጁም አብሮት ወደቀ። በ1990ዎቹ ከናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሚራ ጭነው ሞቃዲሾ ያርፉ ነበር፤ ለታጣቂ ወጣቶችም ቅጠሉ እንደ ቀለብ ይሰፈርላቸው ጀመር።

በ2006 ሞቃዲሾን የያዘው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት በኅዳር ወር ጫትን አገደ። በኪስማዮ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። በታኅሣሥ መጨረሻ የኢትዮጵያ ጦርና የሽግግር መንግሥቱ ወደ ሞቃዲሾ ሲገቡ፣ ቅጠሉ ወዲያው ወደ ገበያው ተመለሰ። በ2020 መጋቢት ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ሰበብ ሶማሊያ የኬንያን የሚራ በረራ አቆመች፤ ጉዳዩ ከዲፕሎማሲ ክርክር ጋር ተደባልቆ እስከ 2022 ሐምሌ ቆየ። የሜሩ ገበሬ ገበያውን ሲያጣ፣ በሶማሊያ ከተሞች የኮንትሮባንዱ ቅጠል ዋጋ ሰማይ ነካ።

ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለው የደቡብ የመን ሙከራ ነው። በ1977 የኤደን መንግሥት ቅጠሉን ጨርሶ ከማገድ ይልቅ ሰዓቱን ያዘ፤ ጫት በሳምንቱ መጨረሻና በበዓላት ብቻ እንዲቃም ደነገገ። ሕጉ የሥራ ቀኑን ከበርጫ ለየ፤ ለቃሚውም የሚጠብቀው ቀን ተወለት። ሁለቱ የመኖች በ1990 እስኪዋሐዱ ድረስም ቆየ። መንግሥቱ ጠንካራ እጅ ስለነበረው ነው የሚል ይኖራል፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን ጠንካራ እጅ የዚያድ ባሬ መንግሥትም አልጎደለውም ነበር። ልዩነቱ አንደኛው ከልማዱ ጋር ሲደራደር ሁለተኛው ሊያጠፋው መነሣቱ ነው።

ኢትዮጵያ በበኩሏ ቅጠሉን አልከለከለችም። የሐረርጌ ገበሬ መሬቱ እየጠበበ፣ የቡና ዋጋ እየወደቀ ሲሄድ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ወደሚቆረጠው ጫት ዞረ። የአወዳይ ገበያ ሌሊትና ቀን የማይተኛ ሆነ፤ ጫትም ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ለመሆን በቃ። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ልጁን ያስተማረበትን፣ ቤቱን በቆርቆሮ የከደነበትን ተክል ንቀል ለማለት ግን ምትክ መያዝ ያስፈልጋል።

የእናቶች ክስ

ክልከላን የሚጠይቁት ሁሉ ስተዋል ብለን ብንደመድም ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በብሪታንያ በሚኖሩ ሶማሌዎች ዘንድ ጫት ይታገድ ብለው ከተነሡት መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ባሎቻቸው ከቀትር እስከ ሌሊት በመቃሚያ ቤት ይውላሉ፤ ልጅ የሚያሳድጉት፣ የቤት ኪራይ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው። የመንግሥቱ የአደንዛዥ ዕፅ አማካሪ ምክር ቤት በ2013 ጥር ክልከላውን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም ቢልም፣ ኔዘርላንድስም ቀድማ አግዳው ስለ ነበር፣ ብሪታንያ በ2014 ሰኔ 24 ቀን ጫትን ከለከለች። በሜሩ ገበያ ላይ የደረሰው ጉዳት ከባድ ነበር። እርጥቡ ቅጠል በሚገባበት በርም ደረቅ ጫት በፖስታ ጥቅል ተደብቆ መግባት ጀመረ።

የእነዚያ ሴቶች ክስ እውነተኛ ነበር። የኤደን ነዋሪዎች በ1957 ያቀረቡትም ክስ እንዲሁ። ስሕተቱ የጠየቁትና የተሰጣቸው አለመገጣጠሙ ላይ ነው። እነርሱ ባሌን መልሱልኝ አሉ፤ መንግሥታት ግን ቅጠሉን ከአውሮፕላን ላይ አወረዱ። ባልየውን መመለስ ከጉምሩክ ሠራተኛ ይልቅ የሐኪም፣ የአማካሪና የቤተሰብ ሥራ ነው።

የተረሳው ሕመምተኛ

ታዲያ ሕመምተኛው ማን ነው? የሚቅም ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። በ1999 የታተመ በቡታጅራ አካባቢ በ10,468 ጎልማሶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመዋል፤ ግማሾቹ በጥናቱ ወቅት ይቅሙ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በየቀኑ የሚቅሙት ግን 17.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ቃሚዎች የሰጡት ምክንያትም በጸሎት ጊዜ ሐሳባቸው እንዲሰበሰብ የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2006 ቅጠሉ በዓለም አቀፍ የቁጥጥር መዝገብ እንዲገባ የሚያስገድድ ምክንያት አላገኘም፤ ካቲኖንና ካቲን ግን ተለይተው በመዝገቡ ውስጥ ይገኛሉ።

አደጋው ያለው በብዛቱ፣ በዕድሜውና በብቸኝነቱ ላይ ነው። በ2005 የታተመ በሐርጌሳ የተካሄደ ጥናት 4,854 ሰዎችን መርምሮ፣ በልጅነታቸው መቃም የጀመሩና በቀን ከሁለት እስር በላይ የሚቅሙ ሰዎች ለከባድ የአእምሮ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው አግኝቷል። ጦርነት ያየ፣ ወገኑን የቀበረ፣ ሥራ የሌለው ወጣት ሌሊቱን እንዳያስብ ይቅማል፤ ስለ ቃመ እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ስላጣ ጥርጣሬና ድምፅ መስማት ይጀምረዋል። ቅጠሉ ብቻውን ሳይሆን ከቁስሉ ጋር ሲገናኝ ነው አእምሮን የሚያናጋው።

ሱሱ በቃሚዎች ቋንቋ ቀደም ብሎ ተተንትኗል። ሰዓቱ ሲደርስ ሐራራ ይነሣል፤ ሲቃም ምርቃና ይመጣል፤ ምርቃናው ሲወርድ ድብርትና ብስጭት ይከተላል፤ ያንን ለመስበር ጨብሲ ተብሎ አልኮል ይጠጣል፤ ያቆመውን ሰው ደግሞ ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል። ሐኪሞችም የሚገልጹት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጫት ሲቋረጥ ድካም፣ የመንፈስ መውደቅ፣ ክፉ ሕልምና መጠነኛ መንቀጥቀጥ ይታያል፤ ይህ ስሜት ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ሕክምናው በምክር፣ እንቅልፍንና ድባቴን በማከም፣ አብረው የሚሄዱትን አልኮልና ሲጋራ በማስተው፣ ቀኑንም በሌላ ሥራ በመሙላት ላይ ይመሠረታል። በናይሮቢ በሚኖሩ የሶማሌ ስደተኞች ዘንድ አጫጭር የምክር ንግግሮች ተሞክረው ተስፋ ሰጪ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህን ሕክምና ማን ይሰጣል? የቀንዱ አገሮች ለክልከላው ፖሊስ፣ ለቀረጡ ኬላ በየጊዜው ሲያቋቁሙ፣ ሱሰኛው የሚያንኳኳው በር ግን ከተፈላጊው እጅግ ያነሰ ሆኖ ቆይቷል። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱን የአእምሮ ሕሙማን ሸክም ብቻውን ያህል ተሸክሟል። ብዙ ቤተሰብ የታመመ ልጁን ጠበል ወስዷል፣ ሼኽ ዘንድ አስቀርቷል፣ ሲጨንቀው በቤት አስሯል። በ2015 የወጣ የሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት በሶማሌላንድ የአእምሮ ሕሙማንና የጫት ሱሰኞች በግል ማዕከላት ያለ ፈቃዳቸው ተዘግተውና በሰንሰለት ታስረው እንደሚገኙ ገልጿል። ያሠረው ቤተሰብ በአብዛኛው ጨካኝ አልነበረም፤ ሌላ የሚሄድበት ቦታ አጥቶ ነው።

ከታሪኩ የሚገኝ ምክር

አበው ሲመክሩ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላሉ። ለጫት ጉዳይ ከዚህ የቀረበ ምክር ማግኘት ያስቸግራል። የመቶ ዓመቱን ሙግት ጠቅለል አድርገን ስናየው፣ ቅጠሉን ከድንበር ላይ ለማስቀረት የተሞከረው ሁሉ ዋጋውን ከማስወደድና ኮንትሮባንዱን ከማበልጸግ አላለፈም። ውጤት ያሳየው ሰዓቱንና ዕድሜውን መያዝ ነው። የሐረርጌና የሜሩ አባቶች ያለ አዋጅ ያደርጉት የነበረውም ይኸው ነው። ልጅ አይቅምም፤ የሚቃምበት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ የሚቅም ሰው ብቻውን አይቀመጥም፤ ከልክ ያለፈውን የሚገሥጽ ሽማግሌ አለ።

ያን ሥርዓት እንዳለ መመለስ አይቻልም። የዛሬው ተማሪ ለፈተና፣ ሹፌሩ ለሌሊት መንገድ፣ ስደተኛው ለትዝታው በየፊናው ይቅማል፤ ሽማግሌው ሩቅ ነው። የሽማግሌውን ቦታ ግን የሚተኩ አሉ። በትምህርት ቤት ደጅ ጫት እንዳይሸጥ የሚከላከል የቀበሌ አስተዳደር፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ቅዠት ሳያሳፍር የሚጠይቅ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሱሰኛውን ከመርገም ይልቅ ወደ ሐኪም የሚመራ ኢማምና ካህን፣ ከሰዓት በኋላውን በሥራና በስፖርት የሚሞላ የወጣቶች ማዕከል እነዚህ ናቸው። ከጫት የሚሰበሰበው ቀረጥ ጥቂቱ እንኳ ለሕክምናው ቢመለስ፣ መንግሥታት ከቅጠሉ የሚያገኙትን ከቃሚው ጋር መካፈል ጀመሩ ይባላል።

ፎርስኮል ቅጠሉን ሰየመው፤ ላቦራቶሪው ንጥረ ነገሩን ለየው፤ አስተዳዳሪው ቀረጥ ጣለበት፤ ሕግ አውጪው አንዴ ፈቀደው፣ አንዴ ከለከለው። በበርጫው መካከል፣ ሌሎቹ ሲነሡ መነሣት አቅቶት የቀረውን ሰው ግን ስሙን ጠይቆ የመዘገበ አዋጅ አልነበረም። ቀጣዩ አዋጅ ከየትኛውም ዋና ከተማ ቢወጣ፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ለዚያ ሰው ምን በር ከፈተ የሚለው ነው።